ስለ ሮማው ንጉሥ የታረደው ጠቦት

ልጅ ሳለሁ ናይሮቢ ውስጥ፣ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር፣ መሪጌታ ወልዴ የሚባሉ የጎጃም ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ። የእኛንና የእሳቸውን ክፍል የሚለየው ቆርቆሮ ብቻ ስለነበር ሳላቸው ሁሉ ይሰማናል። ያኔ ደርግን ሸሽተን የመጣን ሰዎች ነን፤ ሥራ የለ፣ ወረቀት የለ። አመሻሽ ላይ ግን መሪጌታ ጂኮ የሚሉትን የአገሩን ምድጃ ከሰል ሞልተው ደጅ ያወጡና፣ ጭሱ እስኪያልፍ በካርቶን እያራገቡ፣ ፍሙ ቀላ ሲል በፋኖሱ ብርሃን ያወሩልናል። ወሬያቸው የጅብና የጦጣ አልነበረም። በሮማውያን ሥር ስለኖሩት ስለ ኢየሩሳሌም ሰዎች ነበር፤ ሲያወሩት ትናንት አብረዋቸው የዋሉ ይመስላል።

እሑድ እሑድ ሐጂ ኑር የሚባሉ የሞያሌ ነጋዴ የሱቃቸውን ጓዳ ይለቁልን ነበር። እሳቸው እስላም ናቸው፤ «እናንተ ስትጸልዩ ሌባ አይገባብኝም» ይሉናል። በስኳር ጆንያ መካከል ቆመን መሪጌታ ይመራሉ፣ እኛ እንቀበላለን። ጸሎቱ ውስጥ ስለ አገር ገዢዎች የሚለመንበት ቦታ አለ። ያኔ ደግሞ የአባቴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ታስሮ ነበር። አንድ እሑድ እዚያ ቦታ ሲደረስ አባቴ፣ «መሪጌታ፣ ይቺን ይዝለሏት» አለ። እሳቸው አልዘለሉም። ከኋላ አንዱ፣ «ሻማም ያብሩላቸዋ» ብሎ አላገጠ። አባቴ ጫማውን አንሥቶ ወጣ፣ ግማሹ ሰው ተከተለው። ከዚያ ወዲያ የአባቴ ወገን በእኛ ክፍል፣ የመሪጌታ ወገን በሐጂ ጓዳ መጸለይ ጀመረ። ሃያ የማንሞላ ስደተኞች ሰላምታ እንኳ ተነፋፈግን።

እኔን ግን ከጂኮው ዳር የከለከለኝ የለም። አንድ ምሽት መሪጌታ ድምፃቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው አወሩ። የኢየሩሳሌም ሰዎች ለሮማው ንጉሥ ምስል ስገዱ ቢባሉ አንገታቸውን ይሰጣሉ እንጂ አይሰግዱም ነበር አሉ። ነገር ግን ለእግዚአብሔር በየቀኑ ስለ ንጉሡ ጠቦት ያርዱ ነበር። ኋላ ምሬት የበዛባቸው ካህናት ይህንን አቋረጡት፤ ሽማግሌዎቹ ቢለምኑም የሚሰማ አልተገኘም። ጦር መጣ። ሮማውያን ከውጭ ከብበው ሳሉ ከውስጥ ያሉት ተከፋፍለው አንዱ የሌላውን እህል አቃጠለ፤ በመጨረሻም ቤተ መቅደሱ ነደደ። የተረፉት መምህራን መሠዊያ የላቸው፣ ከተማ የላቸው፣ ተቀምጠው አሰቡና፣ ለገዢው እንኳ ሰላም ለምኑ፣ የሚፈራ ነገር ከጠፋ ሰው ሰውን በቁሙ ይውጠዋል ብለው አስተማሩ። ከፍቅር ብዛት አይደለም፤ ሲዋዋጡ አይተው ነው።

እኔም፣ «ባያቋርጡት ኖሮ ቤተ መቅደሱ አይቃጠልም ነበር?» አልኳቸው።

«አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «ሮማውያኑም ክፉዎች ነበሩ።»

ያኔ ከቆርቆሮው ወዲያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ለካ ሲሰማ ነበር። «መሪጌታ፣ ወንድሜን ላሰረ ሰው ዕድሜ ልለምንለት?»

ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ «ዕድሜ ለምን ማን አለህ፣ ታደሰ? ልብ ስጠው በል። የወንድምህን የእስር ቤት በር የሚከፍተው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም» አሉት።

አባቴ እሑድ ወደ ሐጂ ጓዳ ሄደ፣ የተከተሉትም ተመለሱ። እዚያ ቦታ ሲደረስ ከንፈሩን አያለሁ፤ አይንቀሳቀስም። እንዲሁ ብዙ እሑድ አለፈ።

አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል፤ ያላገጠውም፣ ሐጂ ኑርም ከመሪጌታ ጎን አሉ። አባቴ የወንድሙ መርዶ እንደሆነ ሳይነገረው ገባው። በሰው አገር መርዶ የሚያረዳው ወገን ባያገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ መሪጌታ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ዝም አሉ። አዝነውለት ሊዘሉት ነው መሰለኝ። አባቴ ራሱ ቀጠለው። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፣ ግን ጨረሰው፤ እኛም ተቀበልነው።

ይቅር ብሎ ይሁን አይሁን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ የገዢና የተገዢን ነገር የሚያውቁ ይናገሩት። እኔ የማውቀው ዛሬም ስጸልይ እዚያች ቦታ ላይ አፌን እንደሚይዘኝ ነው። ያን ጊዜ አልዘላትም፤ እስኪለቀኝ ቆሜ እጠብቃለሁ።