ሩሯ ወዴት ሄደች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ በየዓመቱ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም፣ አባ» እያልኩ ተነሥቻለሁ። ልጆቼን «ውሸታም ሰው ነቀዝ የበላው ምሰሶ ነው፤ አንድ ቀን ቤት ይጥላል» እያልኩ አሳደግሁ፤ ነቀዙ ግን በራሴ ምሰሶ ውስጥ ነበር። አሁን የምናገረው ሞት ስለቀረበኝ አይደለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም መጥረቢያ አነሣለሁ። የምናገረው ስለተጠየቅሁ ነው።

ባለፈው ወር የደባርቅ ወጣቶች ቤቴ መጥተው፣ «አባባ፣ የድሮው የገና ቡድን የማይረሱ ቀኖች ይጻፉልን። ዋንጫው ካለበት መደርደሪያ በላይ እንሰቅለዋለን» አሉኝ። ኮራሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ ሰው ነኝ። ፊደል የለየሁት ከጎረቤት ልጆች ደብተር እየለቀምኩ፣ በአናጢ እርሳስ ሳንቃ ላይ እየጻፍኩ፣ መልሼ በመላጊያ እየፋቅሁ ነው። ማንበብ እስክችል ድረስ ሳንቃው ሳስቶ አለቀ። እንዲህ የተማረን ሰው ከተማው «ታሪካችንን ጻፍ» ሲለው እንዴት አይኮራ?

ደግሞም የሚያኮራ ታሪክ ነበረን። በደርግ ዘመን የነበረው የደባርቅ የገና ቡድን አለቃ እኔ ነበርኩ። የጓደኞቼን ዱላ ሁሉ ከወይራ የጠረብኩ እኔ ነኝ። የምንመታትን ኳስ፣ ሩሯን፣ ከወይራ ሥር አድበልብዬ በጋለ ብረት መስቀል የማትምባት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ካድሬው ሜዳው መሀል ቆሞ፣ «ጓዶች! በዓሉ የሃይማኖት ነው፤ ጨዋታው ግን የሰፊው ሕዝብ ባህል ነው፤ ስለዚህ ተፈቅዷል» ብሎ ሲያውጅ፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከጥግ ሆነው፣ «ልጄ፣ እኛስ መቼ ለሩሯ ሰገድን?» አሉት። ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ካድሬውም ሳቀና ፊሽካውን ነፋ።

ሩሯ ለሁለት የተሰነጠቀችበትን ቀን የማያስታውስ የኔ እኩያ የለም። ተጋጣሚያችን እንደ ሁልጊዜው ዳባት ነበር። በሙሉ ኃይሌ ስመታት በአየር ላይ ጧ ብላ ለሁለት ሆነች። አንዱ ግማሽ የግብ ምልክት በሆኑት ሁለት ድንጋዮች መካከል አለፈ፤ ሌላው ሜዳ ላይ ቀረ። ዳባቶች «ግማሽ ሩር ግማሽ ግብ ነው!» ብለው ጮኹ። እኛም «ግማሽ ግብ የት አገር ታይቶ?» አልን። ዱላ ለዱላ ልንማዘዝ ስንል እኚያው ቄስ ሁለቱን ግማሾች በእጃቸው አገላብጠው፣ «መስቀሉ ያለበት ግማሽ እሷ ናት፤ ሌላው ፍልጥ ነው» ብለው ፈረዱ። መስቀሉ ያለው ባለፈው ግማሽ ላይ ነበር። ካድሬው እንኳ ያን ፍርድ ሲቀበል በዓይኔ አይቻለሁ።

የጉሙ ቀንም አለ። ከሊማሊሞ በኩል የወጣው ጉም ሜዳውን ሲሸፍነው የገዛ ዱላችንን ጫፍ ማየት አቃተን። ጨዋታው ይቁም ሲባል ግብ ጠባቂያችን፣ «ማን ፈራ? እኔ በጆሮዬ እጠብቃለሁ» አለ። ጠበቀም። ሩሯ እያፏጨች ስትመጣ እየሰማ ደጋግሞ መለሳት። ጉሙ ሲገፈፍ ግብ ላይ የቆመው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ከጎኑ የሰው አህያ ቆማ ነበር። ዳባቶች እስከ ዛሬ «እናንተን ያዳነቻችሁ አህያዋ ናት» ይሉናል። ይበሉ! እንዲህ ያለ ቡድን ነበርን።

ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። አሁን ወደማላወራው ልምጣ።

ዳባቶች ማሩ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ግራኝ ስለነበር ከማንጠብቀው ወገን ይመታል። ሲሮጥ ሩሯ ከዱላው ጋር የተሰፋች ትመስል ነበር። ሁለት ዓመት በተከታታይ በእሱ ምት ተሸነፍን። በሁለተኛው ዓመት እየጨፈሩ ሲወጡ ማሩ በሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞረና፣ «አንተ አናጢ! ዱላ መጥረቡን ታውቅበታለህ፤ መምታቱን ለእኛ ተውልን!» አለኝ። ሰው ሳቀ። ሚስቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ፣ ልጅ በሽማግሌ ቢያሾፍ፣ ቂም አይያዝም። እኔ ግን ተቆጣሁ። አፌ እየሳቀ ሆዴ ተቆጣ። ዓመቱን ሙሉ መላጊያ በገፋሁ ቁጥር ያችን ቃል እሰማት ነበር። ለሌላው ትዕግሥት የምሰብክ እኔ፣ በአንድ ቀልድ ዓመት ሙሉ ቂም ቋጠርኩ። ኃጢአቱ የተጀመረው ሜዳ ላይ አይደለም፤ ከሥራ ገበታዬ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ያሸነፈው ቡድን ጎንደር ሄዶ በክፍለ ሀገሩ የባህል ጨዋታ ውድድር እንዲሰለፍ ተወሰነ። ጨዋታው ደባርቅ ላይ ነበር። አንድ ለአንድ ሆነን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቀጣይዋን ያገባ ያሸንፋል ተባለ። ማሩ ሩሯን ከመሀል ሜዳ ይዞ መጣ። አንዱን አለፈ። ሌላውን አለፈ። ግብ ጠባቂያችን ሊያቆመው ወጥቶ አዳልጦት በግንባሩ ተደፋ። ከማሩ ፊት የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ማሩ መታት። ሩሯ ሄደች። መሄዷን አየሁ። ዱላዬን ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ልድገመው፤ እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ «ሩሯን ሊመታ ሲል ሳተ» ነው የሚለው። አልሳትኩም። ሩሯ ሄዳ ነበር። የመታሁት እግሩን ነው። ዱላውን የጠረብኩት እኔ ነኝ፤ ክብደቱን፣ ጉብጠቱን፣ ቅልጥም ላይ ሲያርፍ የሚያደርገውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የማሩ አጥንት እንደ ደረቅ ፍልጥ ጮኸ። ዛሬም ደረቅ እንጨት ስሰብር እጄ ለአፍታ ይቆማል።

የዳባት ልጆች ዱላቸውን አንሥተው ወደ እኔ ሮጡ። በእኛ አገር በገና ሜዳ የተጎዳ ሰው በገዛ አፉ «የገና ነው» ካለ ነገሩ ያበቃል፤ ካሳ የለም፣ ክስ የለም፣ ቂም የለም። ያን ቃል ከተጎዳው በቀር ማንም ሊለው አይችልም። ማሩ መሬት ላይ እንደተዘረረ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እጁን አነሣ። «የገና ነው!» አለ። «የገና ነው ብያለሁ! ማንም እንዳይነካው!» ዱላዎቹ ወረዱ።

እኔስ ምን አልኩ? ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ይማርህ» አልኩት። እኔ የሰበርኩትን እግዚአብሔር እንዲጠግን ማዘዜ ነበር!

ወጌሻ ተጠርቶ ማሩን በቃሬዛ ወሰዱት። ካድሬው ዙሪያውን አየና፣ ሩሯ ሜዳ ውስጥ ስለሆነች ግብ የለም፣ ይቀጥል አለ። ማሩ የሌለበት ዳባት ሌላ ቡድን ነበር። የማሸነፊያዋን እኔ ራሴ አገባሁ። በትከሻቸው ተሸከሙኝ። ጎንደር ሄድን፤ እዚያ ማንንም ሳንነካ፣ በንጹሕ ጨዋታ፣ የመጡትን ሁሉ አሸነፍን። ይህን ዛሬም ቀና ብዬ እናገራለሁ። ዋንጫውን ይዘን ስንመለስ የጫነን መኪና በዳባት መሀል አለፈ። ዘፈናችንን አላቋረጥንም። ማሩ እግሩ በቀርከሃ ታስሮ ከመንገዱ ዳር ባለው ቤት ተኝቶ እንደነበር አውቃለሁ። ዘፈናችንን እንደሰማም አውቃለሁ። ጮክ ብዬ ዘፈንኩ።

እግሩ ዳነ፤ ግን አጠረ። ዓመት ሳይሞላ ለጦር ግንባር ወጣቶች ሲመለመሉ መልማዩ ማሩን «እስቲ ራመድ» አለው። ተራመደ። «አንተ ቤትህ ግባ» አለው። ከቡድኑ የሄዱት ጓደኞቹ አብዛኞቹ አልተመለሱም። በተከታዩ የገና ሰሞን ማሩ አህያ እየነዳ፣ እያነከሰ ቤቴ መጣ። ጭነቱ የወይራ ቅርንጫፍ ነበር፤ ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ፣ ለገና ዱላ የተመቸ። «እንካ፣ አናጢ» አለኝ። «እግሬን ወስደህ ነፍሴን አተረፍክልኝ።» ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አላቋረጠም።

ይህን የሚያነብ ሰው «እንግዲያማ ለበጎ ነው» ይለኝ ይሆናል። አይበለኝ። እኔ ዱላ ሳነሣ ስለ ጦርነት አላሰብኩም። እግዚአብሔር ከክፉ ሥራዬ በጎ ቢያወጣ ምስጋናው የእሱ ነው፤ ምቱ የኔ ነው። ጠማማ እንጨት ለገና ዱላ ስለተመቸ ቀና ነው አይባልም። ከእግሩስ የባሰው ይህ አይደለም? ያን ሁሉ ዓመት የማይገባኝን ምስጋና በአህያ ጭነት ተቀበልኩ። አንድ ጊዜ ትልቁ ልጄ የጎረቤት መስኮት ሰብሮ «ነፋስ ነው» ቢለኝ በአለንጋ ገረፍኩት። «የሰበርከውን ሰበርኩ በል!» እያልኩ ነበር የምገርፈው። ልጁ ሲያለቅስ የማሩ ወይራ ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እኔን ማን ይግረፈኝ?

እስከዚህ ያለውን ጻፍኩና ለወጣቶቹ ከመስጠቴ በፊት ይዤው ዳባት ወረድኩ። ማሩ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሚስቱ ወጥታ፣ «ይግቡ እንጂ! ምነው ከደጅ ቆሙ?» አለችኝ። ቆሜ የምናገረው ነው አልኳት። አነበብኩለት።

«ሩሯ መሄዷን አየሁ ነው ያልከው?» አለኝ ማሩ ስጨርስ።

«አዎ።»

«እኔስ አላየሁም? የመታኋት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል። መሬት ላይ ተዘርሮ «የገና ነው» ያለው ሆን ብዬ እንደመታሁት እያወቀ ነው።

«ታዲያ ለምን አልክ?» አልኩት።

«የእኛ ልጆች ዱላ አንሥተው ነበር። አንተ ትሞታለህ፤ እነሱ እስር ቤት ይበሰብሳሉ። ለአንድ ቅልጥም ብዬ?» ብሎ እግሩን አሸት አሸት አደረገ። «ደግሞ ጻድቅ አታድርገኝ። እስከ ምልመላው ቀን ድረስ ስረግምህ ነው የከረምኩ። ከዚያ ወዲያ መርገሙ አሳፈረኝ።»

ጎንበስ ብዬ እግሩን ልስም ስል በዱላው ገፋ አድርጎ አስቆመኝ።

«እግሬን ተወው፣ ወንድም ዓለም። ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ያን ዕለት ስወድቅ ዓይኔን ጨለመብኝ፤ አላየሁም። ሩሯ ወዴት ሄደች?»

ወረቀቴን አየሁት። «ሩሯ ሄደች» ብዬ ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ ወዴት እንደሄደች አንድም ቦታ አልጻፍኩም። እግሩን ለመናዘዝ የደፈርኩ ሰው ዋንጫውን ለመናዘዝ ፈርቼ ነበር። ለኑዛዜ ብዬ በጻፍኩት ወረቀት ላይ እንኳ ሌላ ውሸት ደብቄ ነበር!

«ገብታለች» አልኩት። «በሁለቱ ድንጋዮች መካከል አልፋ ከግቡ ጀርባ ካለው የኮሸሽላ እሾህ ሥር ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አንተ ሲያዞር በዱላዬ ጎትቼ ወደ ሜዳው መለስኳት። ‹እግዚአብሔር ይማርህ› ያልኩህ ከዚያ በኋላ ነው።»

ማሩ እግሩ ሲሰበር ያልጮኸውን ጩኸት ያን ጊዜ ጮኸ። «ሰማሽ!» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ገብታለች! ስነግርሽ አልኖርኩም? ከእጄ ስትወጣ አውቄያታለሁ አላልኩሽም?» እሷም፣ «በየዓመቱ በገና ዋዜማ ነው የምሰማው፤ እሰይ፣ ዘንድሮ አረፍኩ» አለች። ማሩ ያን አጭር እግሩን እየጎተተ፣ እየሳቀ ግቢውን ዞረ፤ እንደዚያ ሲራመድ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ፊቴ መጥቶ ቆመና ሳቁን አቆመ።

«ጻፋት» አለኝ።

ይኸው ጻፍኳት። ማሩ ይቅር ብሎኛል፤ ያ የእሱ ትልቅነት ነው፣ የኔ ንጽሕና አይደለም። ይቅርታ አልለምንም፤ ምክንያትም አላቀርብም። ጎንደር ላይ ያገኘነው ዋንጫ በጨዋታ የተገኘ ነው፤ ወደ ጎንደር የሄድንበት መንገድ ግን የዳባት ነበር። ወጣቶቹ ዋንጫውን ምን እንደሚያደርጉት እነሱ ያውቃሉ። ከእነሱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሩሯ የተሰነጠቀችበት ቀንና የጉሙ ቀን ይሰቀሉ፤ አኩርተውናልና። ከሁለቱ በላይ ግን፣ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ፣ የማሩ ግብ የገባችበት ቀን ይሰቀል። ሳንቃውን እኔ ልጌ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ፊደሉንም የምቀርጸው በራሴ እጅ ነው።

ደባርቅ አንድ፣ ዳባት ሁለት።