ከኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ክፍል

እንደምነግርሽ ጻፊው። አታለስልሺው። ስድብ ካለበትም ስድቡን ጻፊ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ታውቂያለሽ። ግን ሮማ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ስኩዎላ ሜዲያ፣ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃቸው፣ ተቀምጬ የሰው ልጅ አስተምሬያለሁ። ደሞዙን ሌላ በላው፣ ምስጋናውንም ሌላ በላው።

በደርግ ጊዜ ነው። ወንድሜን አሰሩት፣ እናትሽን ለእናቴ ትቼ ወጣሁ። የተቀጠርኩበት ቤት አንዲት ልጅ ነበረች። ስትወለድ ትንፋሽ አጥሯት ነው አሉ፣ ምላሷ ይከብዳል፣ ነገር ቶሎ አይገባትም። ሌላ ምንም የለባትም፣ ሳቂታ ልጅ። ያኔ ጣሊያኖች አዲስ ሕግ አውጥተው ነበር። እንደሷ ያለ ልጅ ለብቻው አይዘጋበት፣ ከሌላው ጋር ይማር፣ አጠገቡ የሚያግዘው አስተማሪ ይመደብለት የሚል። አስተማሪውን ሶስቴኞ ይሉታል። ሕጉን አልሰድብም፣ ሕጉ ጥሩ ነው። እኔ የምሰድበው ሰውየውን ነው።

ሲኞራዬ፣ የልጅቷ እናት፣ «አብረሻት ሂጂ፣ ሽንት ቤት ውሰጃት፣ አፏን ጥረጊላት» አለችኝ። ሄድኩ። ሶስቴኞው ጢማም፣ ጫማው የሚያበራ ሰውዬ ነው። እኔ እርስዎ ስለው እሱ አንቺ ይለኛል፣ በዕድሜ እኮ እበልጠዋለሁ። የክፍሉ አስተማሪ ጠመኔ ሳታነሳ ገና «አሎራ፣ በል እንግዲህ፣ ይቺን ይዘሃት ውጣ፣ ትረብሸናለች» ትለዋለች። ከኮሪደሩ ጫፍ የተቀደደ ካርታና የተሰበረ ወንበር የሚከመርባት ክፍል አለች፣ እዚያ ይከተናል። ለልጅቷ ባለቀለም እርሳስ ይሰጣትና «ቤት ሳዪ» ይላታል። ከዚያ ጋዜጣውን ብብቱ ስር ሸጉጦ ባር ይሄዳል። እነሱ ጋ ባር ማለት ቡና ቤት ነው፣ ስካር አይደለም። ግን አንድ ሲኒ ቡና እስከ ስድስት ሰዓት ይጠጣል? አንዴ አይደለም፣ በየቀኑ!

ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ሁሉ እረፍት ነው፣ ባቡር ጣቢያው፣ ተርሚኒ፣ እንገናኛለን። አንዷ ጓደኛዬ ገና ስታየኝ «ኧረ ፕሮፌሶሬሳዋ መጣች፣ ተነሱላት!» ትላለች።

«ዝም በይ አንቺ።»

«ዛሬስ ምን ተማርሽ?»

«ቤት መሳል።»

«እሰይ፣ እኛ ቤት ስናጸዳ አንቺ ትስያለሽ!»

እኔም እስቃለሁ። ግን ያቺ ልጅ ቤቷ ለስድስት ሰው ማዕድ ስታሰናዳ አንድ ሹካ አታጎድልም። ቁጥር አይገባትም የሚሉት ምኑን አይተው ነው?

እናቴ ጾሙ ስንት ቀን እንደቀረው፣ በዓሉ መቼ እንደሚውል የምትቆጥረው በጣቷ አንጓ ነበር። አውራ ጣት ቆጣሪ ነው። አንድ ጣት ላይ ሦስት፣ በአራቱ ጣት አስራ ሁለት። ሙቀቱ መጥቶ ቤተሰቡ ኦስቲያ ሲወርድ፣ ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን የተተከለውን ጃንጥላ በዚያው አቆጣጠር አስቆጠርኳት። ሲደመር በአውራ ጣት ወደ ላይ፣ ሲቀነስ ወደ ታች። አንድ ወር ፈጀ። አንድ ቀን «ትናንት ሃያ፣ ዛሬ አስራ ስድስት፣ አራት ሰው ቤቱ ሄደ» አለችኝ። አቅፌ አለቀስኩ።

ትምህርት ሲከፈት ሶስቴኞው ስንቆጥር ደረሰብን።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያስቆጠርኳት ነው ፕሮፌሶሬ።»

«አንቺ አፏን ጥረጊ፣ ማስተማሩን ለኔ ተይ።»

ለሲኞራዬም ሠራተኛዋ ልጅቷን ታምታታታለች ብሎ ነገራት። እሷ ማታ ኩሽና ገብታ ድምጿን ሳታነሳ «ፔርሜሶሽ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽ፣ በኔ ስም መሆኑን አትርሺ፣ አገርሽ መመለስ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። የትኛው አገር? ወንድሜ የታሰረበት?

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱንም ጻፊው። ፈራሁ። በማግስቱ ልጅቷን «በጣትሽ ስትቆጥሪ ማንም እንዳያይሽ፣ እጅሽን ጠረጴዛ ስር አድርጊ፣ ሚስጥራችን ነው» አልኳት። ነገር ቶሎ አይገባትም እንጂ አንዴ ከገባት አይወጣም።

እንዲህ በጠረጴዛ ስር እየቆጠርን የመጨረሻው ኤዛሜ፣ ፈተናው፣ ደረሰ፣ ሰኔ ላይ። ካለፈች ምግብ ማብሰል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ከቤቷ እየተመላለሰች። ከወደቀች ግን አባቷ ከከተማ ውጪ እንደሷ ያሉ ልጆች ተዘግቶባቸው የሚያድሩበት ቤት ቦታ ይዞላታል። ሰምታለች። ሌሊት ሌሊት አልጋዬ ውስጥ ገብታ «እዚያ አትውሰጂኝ» ትለኝ ነበር።

የኤዛሜው ቀን እኔን ኮሪደር አስቀሩኝ። በሩ ለሙቀቱ ተብሎ ተከፍቷል፣ ሁሉ ይታየኛል። አምስት አስተማሪ፣ መሃል ላይ ዳይሬክተሯ፣ መነጽር ያደረገች አሮጊት። ሶስቴኞው ክራቫት አስሮ ከጎን ተቀምጧል።

«አስራ ሁለት ሰው ምሳ ተጠራ፣ አምስቱ ሳይመጡ ቀሩ። ስንት ሰው በላ?»

የልጅቷ እጅ ጠረጴዛ ስር ሲገባ አየሁ። አንዷ አስተማሪ «እጅሽ ይታይ፣ ጠረጴዛው ላይ» አለቻት። አወጣች። ዘርግታ አስቀመጠችው። አውራ ጣቷን አላነሳችም። ሚስጥር ነዋ! እኔ ነኝ ያሰርኳት።

ሶስቴኞው ጉሮሮውን ጠረገና «ሦስት ዓመት ለፍቻለሁ፣ የአቅሟ መጨረሻ ይሄ ነው» አለ።

ለፍቻለሁ አለ! የትምህርት ቤቷ የጽዳት ሴትዮ ቀሚሴን ብትይዘኝ መንጭቄ ገባሁ። ስለ ፔርሜሶ ማን አስቦ?

«ልጄ፣ ሚስጥሩ አልቋል። አሳዪያቸው» አልኳት።

«እውነት?»

«እውነት።»

አውራ ጣቷ ተነሳ። አንጓ አንጓውን ወደ ታች ነካች፣ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አምስት። «ሰባት» አለች። ዳይሬክተሯ ወደ ፊት ጠጋ ብላ ሌላ ጠየቀቻት። ከሃያ ላይ ስድስት ሲቀነስ? በሁለት እጇ ሄደችበት፣ «አስራ አራት!»

«ማን ነው ይሄን ያስተማረሽ?»

ሶስቴኞው ቀደመና፣ አያፍርም፣ «አብረን የሞከርነው ዘዴ ነው» አለ።

«አብረን? በየትኛው ቀን ፕሮፌሶሬ?» አልኩት። «እስቲ አንድ ቀን ይንገሩኝ!»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችውና ለዳይሬክተሯ «እሱማ ባር ነው» አለቻት። ልክ አሁንም እዚያ ያለ ይመስል።

አንዱ አስተማሪ ሳቁን በመሃረብ ዋጠ። ዳይሬክተሯ አልሳቀችም። መነጽሯን አውልቃ ሰውየውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «ቫ ቤኔ፣ አልፋለች» ብላ ጻፈች።

ግቢው በር ላይ፣ ከባሏ ጋር ልትወስደን የመጣችው ሲኞራዬ የማንን እጅ ጨበጠች መሰለሽ? የሱን። ባልዬውም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። መኪና ውስጥ ማንም አላናገረኝም። ልጅቷ ብቻ ጣቴን ይዛ አልለቅ አለች። ከዚያ በኋላ እነሱ ቤት ሁለት ዓመት ቆየሁ፣ ከኩሽና ሳልወጣ። ፔርሜሶዬን አልነኩትም። እሷ ማብሰል ተማረች፣ ከቤቷ እየተመላለሰች። ለሷ አሸንፌያለሁ።

ግን ከኤዛሜው በኋላ በመስከረም ያቺን የጽዳት ሴትዮ ገበያ አገኘኋት። ሰውየውስ አልኳት። አለ አለችኝ፣ ሌላ ልጅ ሰጥተውታል፣ አይኗ በደንብ የማያይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ እዚያችው ክፍል ውስጥ።

«ከሷ ጋርስ ማን ይቀመጣል?» አልኳት።

«ማንም» አለችኝ።