እንቁላል ጫኙና ጎታቹ አልጋ

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሚስትየዋ ትዕግሥት አለቀ። እውነቱን ለመናገር ያለቀው ቀደም ብሎ ነው፤ በአራተኛው ቀን ግድም። ከዚያ ወዲህ የነበረው ጥርስ መንከስ ነው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሲነዳ ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ እንኳ አንድ ቀን ተንገዳግዶበት አያውቅም። ሌላው ሾፌር ፍሬን የሚይዘው ፌርማታ ሲደርስ ነው። እሱ ግን ፌርማታው ከሩቅ ብቅ ሲል እግሩን ያዘጋጃል፣ ቀስ እያለ ይረግጣል፣ መኪናው መቆሙ የሚታወቀው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ባልደረቦቹ "እንቁላል ጫኝ" ይሉታል። ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

እሷ ደግሞ የዚያው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጣ ትኬት ቆርጣለች፣ ከመንገደኛ ጋር ተጨቃጭቃለች፣ እሱንም ያገባችው ከዚያች ወንበር ሳትነሳ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ወርዶና ተሳፍሮ ሲያበቃ የመኪናውን ብረት በመዳፏ ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ እሱ ያኔ እግሩን ከፍሬኑ ያነሳል። ልጅ ወልዳ ሥራውን ስትተው ሌላ ቆራጭ መጣ፣ ሌላም ተተካ፤ ሕጉ ግን ያው ነው። አለቃው ፊቱ ቆሞ ሂድ ቢለው እንኳ ብረቱ ሁለት ጊዜ ካልተመታ ንቅንቅ አይልም።

ሕመሙ የጀመረው በማስነጠስ ነው። ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ወገቡ ቢቆረጥ እንኳ ወግ ነው፤ እሱ ግን ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ አንዴ አስነጠሰ፣ በቃ። ከወገቡ ተነስቶ በቀኝ መቀመጫው፣ በባቱ በኩል እስከ አውራ ጣቱ የሚወርድ እሳት ሆነበት። አራት ወር ሙሉ ደበቃት። ያወቀችው ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዝቶ ሲመጣ ነው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ፋሽን ነው።"

"የማን ፋሽን? የአንተ?"

ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ኤምአርአይ ተነሳ። በወገቡ አጥንቶች መካከል ካሉት ዲስኮች አንዱ ከቦታው ወጥቶ የእግሩን ነርቭ ተጭኖታል ተባለ። ሐኪሙ ወደ ኦፕራሲዮን ከመሄዱ በፊት ወገብ በሚስብ አልጋ ሃያ ቀን ይሞከር አለ፤ አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም ብሎም አልደበቀም። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግን "አንዳንድ" የሚባል ነገር አያውቅም። ከሃያው ቀን በኋላ ይፈተናል፤ ፍሬን ረግጦ መያዝና መልቀቅ ካቃተው መሪውን ያስረክብና የግቢው በር ላይ ተቀምጦ የሚገባና የሚወጣ አውቶቡስ ይመዘግባል።

"በር ላይ ከምጎለት ሞቴን እመርጣለሁ" አላት።

"ሙት፤ ግን መጀመሪያ አልጋው ላይ በሥርዓት ተኛ።"

ወሬው እንደተሰማ ቤቱ በሐኪም ተሞላ። በር አንኳኩቶ የገባ ሁሉ አንድ መድኃኒት ያውቃል፣ አንድ የዳነ የአክስት ልጅ አለው። ታላቅ እህቱ እቴቴማ አንዲት ደልደል ያለች ጎረቤቷን ይዛ መጣችና ጀርባው ላይ ትቁምበት አለች፤ ሴትየዋ ጫማዋን ማውለቅ ጀምራ ነበር። ሚስትየዋ በሩን አንቃ ቆማ "እቴቴ፣ መሞቱ ካልቀረ እኔው እረግጠዋለሁ፤ ሰው አታስቸግሪ" ብላ መለሰቻቸው። እቴቴ እስከ ዛሬ አኩርፋለች።

ሕክምናው የሚሰጥበት ክፍል ጠባብ ስለሆነ አስታማሚ አይገባም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሞተሩን እርርር የሚል ድምፅ ስትሰማ ከረመች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ባሏ ላብ አጥምቆት ይወጣል።

"ተኝተህ ነው እንዲህ ያላበህ?"

"ክፍሉ ይሞቃል።"

"የምታክምህ ልጅ ሹራብ ለብሳለች እኮ።"

እግሩም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብስበት ጀመር። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በመንገድ የሚያልፉትን መኪኖች ሰሌዳ ወረቀት ላይ ሲጽፍ አገኘችው። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀችው።

"ልለማመድ ብዬ ነው" አላት፣ ቀና ሳይል።

ወረቀቱን ነጥቃ ቀደደችው፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ብቻዋን አለቀሰች።

በማግስቱ ፊዚዮቴራፒስቷ ራሷ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ልጅ እግር ናት፣ ግን ጨዋ። "እማማ፣ አባባ ቤት ውስጥ ከባድ ነገር ያነሳሉ እንዴ? እስካሁን ትንሽ ለውጥ ማየት ነበረብን።"

"ማንኪያ ሲያነሳ እንኳ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ አይዞዎት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"የእኛን እንቁላል ያመመው እኮ እግሩን ነው፣ ልጄ!"

ልጅቷ የባልየውን ቅጽል ስም ስለማታውቅ ግራ ገባት። ይሁን እንጂ የሴትየዋን ፊት አይታ ነው መሰለኝ፣ ዛሬ ብቻ ይግቡ አለቻት።

አልጋው ለሁለት የተከፈለ ነው። ባሏ በጀርባው ተንጋሎ ደረቱ በአንድ ቀበቶ፣ ዳሌው በሌላ ቀበቶ ታስሯል። ሞተሩ ሲነሳ የታችኛው የአልጋ ክፍል ወገቡን ይዞ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ለአንድ ደቂቃ ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። ሚስትየዋ ዓይኗን እግሩ ላይ ተከለች። አልጋው ገና ሊንቀሳቀስ ሲል የቀኝ እግሩ ጣቶች ወደ ታች ተጫኑ። ጉልበቱ ተገተረ፣ ሆዱ ደረቀ። አልጋው ሲለቀው እግሩም ለቀቀ። እንደገና ሲሳብ እንደገና ረገጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያንገጫግጭ።

ያንን እግር ታውቀዋለች። የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ወለሉን የሚረግጠው፣ ሕልም አይቶ በእንቅልፉ እሷን የሚረግጣት እሱው ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ፍሬን ይዘሃል።"

"የምን ፍሬን?"

"እግርህን እየዋ!"

"እንዴት ልየው? ታስሬያለሁ።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችና እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ማስተካከያውን፣ ቀበቶውን፣ የሚሳብበትን ኪሎ ስትመረምር ነው የከረመችው፤ ካልሲ ያጠለቀ እግር ማን ያያል? "አባባ፣ አልጋው የሚስብዎት አጥንቶቹ መካከል ትንሽ ክፍተት እንዲገኝ ነው። ከታገሉት ግን የሚስበው ጡንቻዎን ብቻ ነው።"

"እኔ አልታገልኩም። ግን ማንም ሳይነዳው ይሄዳል፤ ዝም ብዬ ልየው?"

አሥራ ሁለት ቀን! ሚስትየዋ ደሟ ፈላ። ከሃያው ቀን አሥራ ሁለቱ በፍሬን አለቀ። ልጅቷ ካልሲውን አወለቀችለት፣ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አደረገች፣ ይተንፍሱ፣ ይልቀቁ፣ ሌላ ነገር ያስቡ አለችው። እሺ ይላል፣ አልጋው ሲነሳ ይረግጣል። ስድስት ጊዜ ሞከሩ። በሰባተኛው ሚስትየዋ ልቧ ወለቀና ከንዴት ብዛት የአልጋውን ብረት በመዳፏ መታችው። ኳ፣ ኳ።

እግሩ ተነሳ። ጣቶቹ ተፈቱ፣ ጉልበቱ ላላ፣ ሆዱም ወረደ። አልጋው ወገቡን ይዞ ሲንሸራተት ሰውየው ዝም ብሎ ተሳበ። ሦስቱም ያንን እግር አዩ፤ እሱ እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ቦታ ተሰጣት። አልጋው ሊስብ ሲል ሁለት ጊዜ ትመታለች፣ እሱ ይለቃል። በአሥራ አራተኛው ቀን አንኮራፋ፤ እሷ ቆማ ብረት ስትደበድብ ጌታው ይተኛል። በአሥራ ስድስተኛው እሳቱ ከአውራ ጣቱ ወጥቶ ባቱ ላይ ቀረ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ከጉልበቱ በላይ ሸሸ። ወገቡ ላይ ያለችዋ ሕመም አልለቀቀችውም። ልጅቷ ግን እሳቱ ከእግሩ መውጣቱ ጥሩ ምልክት ነው አለች።

የፈተናው ቀን ሚስትየዋ ግቢ መግባት ተከልክላ ከብረቱ በር ውጭ ቆመች። ከበሩ አጠገብ የመመዝገቢያዋ ጠረጴዛና ባዶ ወንበር አሉ፤ ወንበሩን ላለማየት ፊቷን አዞረች። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ባሏና ፈታኙ ብቻ ናቸው። የግቢውን ዳገት እስከ አጋማሹ ወጣና ቆመ፤ እንደ ልማዱ መቆሙ ሳይታወቅ። ፈታኙ ሰዓቱን እያየ ቆየ። ከዚያ በተከፈተው መስኮት ድምፁ ወጣ።

"በቃ፣ ይሂዱ።"

አውቶቡሱ አልሄደም።

"አባት፣ ይልቀቁና ይሂዱ እንጂ። እግርዎ እምቢ አለ?"

ፊቱ ከሩቅ ታያት። ፈርቷል። ሃያ ሰባት ዓመት ስታውቀው እንዲህ ሲፈራ አይታው አታውቅም። ፈታኙ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

ሚስትየዋ ዞረችና ትልቁን የብረት በር ባላት ኃይል ሁለት ጊዜ መታችው። ግቢው ሁሉ ጮኸ።

አውቶቡሱ ስንዝር ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ዳገቱን ይዞ ወጣ።

ዘበኛው ከጎጆው ብቅ አለ። "ምነው እማማ፣ በሩ ምን በደለዎት?"

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ደስ ብሏታል፣ ተናዳለች፣ መዳፏም ያቃጥላታል።

"ሥራ ከተውኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው" አለችው። "ይኸው ዛሬም እኔ ካልመታሁለት አይሄድም።"