አጥንት የሌለው የጥሩዬ ዶሮ

ውሸት ነው አልኩ። ስልኩን ዘግቼ እንደገና ደወልኩ። ጎረቤቷ እያለቀሰች "ጥሩወርቅ እኮ ናት የምልሽ፣ ሌላ ጥሩወርቅ አለችሽ እንዴ?" አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ በቃሪያ ስትከራከር አይቻታለሁ። ልቧ ነው አሉ። ትናንት ጠዋት ከአልጋዋ አልተነሣችም።

ለማታውቋት፣ ጥሩወርቅ እዚህ ደብረ ማርቆስ ጠባብ ምግብ ቤት ነበረቻት። እኔ ግቢዋ ውስጥ ተከራይቼ የኖርኩ አስተማሪ ነኝ። በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች፤ ግን "አንቱ ካልሽኝ ምሳ የለሽም" ብላ ከልክላኛለች።

ሉማሜ በኩል መንገድ ይሠሩ የነበሩ ቻይናዎች ካምፕ ውስጥ ታበስል ነበር። ዶሮ በብርቱካን የተማረችው እዚያ ነው። ዶሮውን በሎሚና በጨው አጥባ፣ አጥንቱን አውጥታ፣ ሥጋውን አድቅቃ ትከትፈዋለች። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጠብታ ሶያ ሶስ የሚሉት ጨዋማ ጥቁር ማጣፈጫ። ትንሽ ዘይት ባለው መጥበሻ ቶሎ ቶሎ ታገላብጥና የብርቱካን ጭማቂና ማር ታፈስበታለች። ልጣጩን እንኳ አትጥልም፣ ፍቃ ትነሰንስበታለች። ከዚያ በጎመንና በካሮት፣ ሩዝ ላይ።

ቅቤ የለው፣ ግማሽ ቀን የሚቁላላ ሽንኩርት የለው። ለአንድ ቤተሰብ የማይበቃ ዶሮ አግዳሚ ሙሉ ተማሪ ያጠግባል። ዓመት በዓል ካልሆነ ዶሮ የማያይ ሰው እሷ ጋ በአዘቦት ቀን ይበላ ነበር። አዲስ ደንበኛ ፊቱን ሲያጨማድድባት "ቅመሱና ስደቡኝ" ትላለች። ሁሌም እንደዚሁ ነበር የምትለው።

እናቴ ከደብረ ወርቅ ለሕክምና መጥታ ደም ግፊት ተገኘባትና ሐኪሙ ቅቤና ጨው ከለከላት። ጥሩዬ ሶያውን ትታ በብርቱካንና በሎሚ ብቻ ሠርታ አመጣችላት። እናቴ ሳህኑን በማንኪያ ገለባበጠችው።

"ኧረ እንዴት ያለ ነው እቴ! ፈረሰኛው የታለ? ለአባወራ የሚወጣው ብልት የሌለበት ምን ዶሮ ነው?"

"እማማ፣ ሁሉም ፈረሰኛ ነው። ይቅመሱና ይስደቡኝ።"

እናቴ ሳህኑን ጠርጋ ነው የመለሰችው። እስክትሄድም ሌላ ምሳ አልፈለገችም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

እኛ አገር ዶሮ በብልት ይቆጠራል። አሥራ ሁለት ብልት አሳምራ ያላወጣች ሴት ባለሙያ አትባልም። እናቴ የገረማትን ጠየቀች፣ መልስ አገኘች፣ በላች። አንዱ ግን ሳይጠይቅ፣ ብልቱ ያልተቆጠረ ሥጋ ዶሮ ሊሆን አይችልም ብሎ ደመደመ። "ቻይና" የሚለው ሲጨመርበት ደግሞ በቃ፣ የአህያ ሥጋ ሆነ! የከተማችን ወሬ የሚለጠፍበት ገጽ ላይ የምግብ ቤቷን በር ፎቶ አድርገው "አጥንት የሌለው ዶሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" ብለው ጻፉ። ስንታችሁ ሳቃችሁ? ስንታችሁ ለወዳጅ ዘመድ አጋራችሁ? ከሳቁት መካከል ያን ቀን ምሳቸውን እዚያ የበሉ አሉ፤ ስማቸውን አይቻለሁ።

እሷ ምን አደረገች? ጠረጴዛዋን በሩ ላይ አወጣች። ዶሮውን ከነላባው አሳይታ፣ አሳርዳ፣ ገንጥላ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለሕዝብ ዘርግታ፣ እዚያው አበሰለች። ሰው ተሰበሰበ። ስልክ አውጥቶ ቀረጻት። አንድ ሰው እንኳ ሳህን አላነሣም! የበሰለውን ምግብ እኔና እሷ ይዘን ገባን። ብዙም ሳትቆይ ምግብ ቤቱን ዘጋችው።

ወሬ ገደላት አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ ያቺ ሳቂታ ሴት ሰው ቤት ተጋብዛ እንኳ ማዕድ ቤት አትገባም ነበር። እጇን እንደሚጸየፉት ታስብ ነበር።

ዛሬ ያው ገጽ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ለጥፏል። "ከተማችን ድንቅ ባለሙያዋን አጣች" ይላል። አታፍሩም? እውነት ካዘናችሁ ሻማውን አንሡና ዋሽተን ነበር ብላችሁ ጻፉ። ድንኳኑ ሳይፈርስ ጻፉት። ልጇ ሰላም እዚህ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ትምህርት ቤት ሳለች በዚሁ የአህያ ወሬ ምን እያሉ ይጠሯት እንደነበር ታውቃላችሁ።

ቀብር መልስ ያቺው ሰላም ወደ ድንኳኑ ጥግ ሳበችኝ። ዓይኗ አብጧል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እትየ፣ አንቺ ማዕድ ቤት ትገቢ ነበር። እውነቱን ንገሪኝ፣ የዶሮ ነበር አይደል?" አለችኝ።

ጥሩዬ፣ የገዛ ልጅሽን ነው እንዲህ ያስጠየቋት። አቅፌ ነገርኳት፤ ከላባው ጀምሬ እስከ ልጣጩ ነገርኳት። አምናኛለች መሰለኝ። አንቺ አሁን ለማንም ምንም ማሳየት የለብሽም። ደህና ሁኚ፣ የኔ ባለሙያ።