ባለሸሚዙ
የቧንቧ ሠራተኛው አርብ ከሰዓት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተጋድሞ፣ አይሁዳዊቷን እናት በጎን ያያታል። የአንዱን ልጅ አፍንጫ በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች፣ የሌላዋን ፀጉር ታበጥራለች፣ ሁሉንም ትቆጣለች። የሰንበቱን ሻማዎች ፀሐይ ሳትጠልቅ መለኮስ አለባት፤ ከጠለቀች በኋላ አይቻልም።

ወደ ምኩራብ የሚሄደው የባሏ ወንድም፣ ነጭ ሸሚዙን እያስተካከለ በሩ ላይ ቆመ።

«ከምትጮሂ ብትጸልዪ አይሻልም?»

ሠራተኛው ደሙ ፈላ። እሷ ግን ዞር ብላ፣ «ይሄን ሸሚዝ ስተኩስልህ ምን እያደረግኩ መሰለህ?» አለችው።

ሰውዬው ሸሚዙን ቁልቁል አይቶ ወጣ። ሻማዎቹን ለኮሰች፤ ዓይኗን በመዳፎቿ ሸፍና የልጆቿን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ፈጣሪዋን ለመነች። ሠራተኛው መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

በመጨረሻ ጥርሷን ነክሳ፣ «ባለሸሚዙንም ጠብቅልኝ» አለች።