ያልተቀባው ድንጋይ

የከተማዋ ሰው ቀለሜ ይለዋል። ለጎበዝ ተማሪ የሚወጣ ስም ነው፤ እሱ ግን ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ነው። ስሙን ያወጣለት እጁ ነው። ጥፍሮቹ ሥር የገባው ቀይና ነጭ ቀለም በሳሙናም በጋዝም አልለቅ ብሎ አብሮት ይኖራል። ገበያ ሲወርድ፣

“ቀለሜ፣ ዘንድሮስ ስንተኛ ወጣህ?” ይሉታል።

“ብቻዬን ተወዳድሬ ሁለተኛ፤” ይላል። ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቅና ዳቦውን ይዞ ሽቅብ ይመለሳል።

ሥራው የእግር መንገድ ምልክት መቀባት ነው። ከተማዋ አንድ ሲጋራ ተጨሶ ሳያልቅ ከዳር እስከ ዳር የምትታለፍ ናት። ነገር ግን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አላት፤ ከድልድዩ በላይ ፏፏቴ፣ ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ጣሪያው የፈረሰ የጥንት ምሽግ አለ። ቅዳሜና እሑድ የትልልቅ ከተማ ሰዎች ቦርሳቸውን አዝለው ይመጣሉ። ድልድዩ ላይ ፎቶ ይነሣሉ፣ ጫካውን ሰንጥቀው እስከ ምሽጉ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። እንዳይጠፉ የሚያደርጋቸው ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ የተሰመረው ቀይና ነጭ ነው። ያን የሚያሰምረው ቀለሜ ነው።

ድሮ ቤት ቀቢ ነበር። ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ከተጎዳ በኋላ የጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት ይህን ሥራ ሰጠው። ላየው ቀላል ይመስላል እንጂ የራሱ ሕግ አለው። ድንጋዩ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ የለበሰው አረንጓዴ ሻጋታ ይለቃል፤ መጀመሪያ ነጩ፣ ነጩ ሲደርቅ ቀዩ። ዋናው ሕግ ግን የኋላው ምልክት ከዓይን ሳይጠፋ የፊቱ መታየት አለበት የሚለው ነው። ይህን የሚለኩት ከሚስቱ ጋር ነበር። እሷ የተቀባው ድንጋይ አጠገብ ትቆማለች፤ እሱ ጣሳውን አንጠልጥሎ እየራቀ ይሄዳል።

“አለሽ?” ይላል ዞር ብሎ።

“አለሁ።”

“አሁንስ?”

“አለሁ አልኩህ፤ ደግሞ የት ልሄድ።”

ቅጠሉ ሊሸፍናት ሲል ይቆምና ቀጣዩን ይቀባል። ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። አሁን ድንጋዩ ላይ ባርኔጣውን አስቀምጦ እየዞረ ያየዋል። ባርኔጣ አይመልስም።

ቤቱ ጫካው ውስጥ ነው። ከድልድዩ የሚመጣው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ምሽጉ ይወጣል፣ ቀኙ የቀለሜ በር ላይ ያበቃል። መንታ መንገዱ ላይ ቀስት የተቀባበት ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ሚስቱ በሞተች ዓመት ጎርፍ ወሰደው። ቀለሜ ሌላ ድንጋይ አንከባሎ በቦታው ተከለ። ዛሬ ነገ እቀባዋለሁ ሲል አንድ ቅዳሜ ባልና ሚስት መንገድ ስተው በሩ ላይ ቆሙ።

“አባባ፣ ወደ ምሽጉ በዚህ ነው?”

ውሃ ሰጣቸው። ሻይ አፈላላቸው። እሱ የምሽጉን ታሪክ አወራቸው፤ እነሱም የልጆቻቸውን ጠባይ አጫወቱት። ሲሄዱ እስከ መንታው ሸኛቸው። ያን ዕለት ሲመሽ ሳህን እያጠበ ያፏጭ እንደነበር የገባው ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ድንጋዩን አልቀባውም። መጀመሪያ ቀለም አልቋል አለ። ቀጥሎ ዝናቡ ያባራ አለ። በኋላም ለራሱ ምክንያት መስጠቱን ተወው። በቡድን የሚመጣ ሰው አስጎብኚ ስላለው አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ብቻውን የቀረ ነው፤ ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ ጨዋታ አይጠላም። ድንጋዩ የተቀባ ቀን ማንም በሩን እንደማያንኳኳ ያውቃል። ልጁ እሑድ እሑድ ከሩቅ ከተማ ትደውላለች። “አባዬ፣ ሰው ግን ታያለህ?” ስትለው “ኧረ ሰው መች ፋታ ሰጠኝ” ይላታል። ውሸት አይደለም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ልጁን የምታህል ሴት ናት። አንድ ሰኞ ቀለም ሊወስድ ሲሄድ፣

“ጋሼ፣ ጎብኚዎቹ አመስግነው አይጠግቡዎትም እኮ፤” አለችው። “አንዷ ‘መንገድ ጠፍቶኝ አንድ ደግ አባት አገኘሁ’ አለችኝ። ሌላውም እንደሷ። ግን ሁሉም ጠፍተው ነው እርስዎን የሚያገኙት።”

“ዕድላቸው ነዋ።”

“መንታው ላይ ምልክት የለም እንዴ?”

“ይኖራል…” አለ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። “አየዋለሁ።”

“ይዩልኝ። እርስዎ በሠሩት መንገድ ሰው ይጠፋል ቢሉኝ አላምንም።”

ጣሳውን ይዞ ወጣ። ያ “አላምንም” ከቀለሙ ይልቅ ከበደው። መንታው ጋ ሲደርስ ድንጋዩን አየው፤ ጣሳውን አየው። “ቅዳሜ ይለፍና” ብሎ ቤቱ ገባ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንድ ከዘራ የያዘ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያለከልካል።

“ወንድሜ፣ ምሽጉ ይህ ከሆነ ተታልያለሁ፤” አለ በከዘራው የቆርቆሮ ጣሪያውን እያሳየ።

“ዋናው ታድሶ እስኪያልቅ እዚህ ነው የምናስተናግደው። ይግቡ።”

እንግዳው ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው። ከጡረተኞች ማኅበር ጋር በአውቶቡስ መጥቶ ነው። እግር የከዳቸው በአስፋልቱ ዞረው እስከ ምሽጉ በአውቶቡስ ወጥተዋል፤ የቀሩት አስጎብኚውን ተከትለው በጫካው ገብተዋል።

“ሚስቴ ‘አንተ ሰውዬ፣ ጉልበትህን እወቅ፤ አብረን በመኪና እንውጣ’ ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጎረምሳ ልሁን አልኩ። እነሱ እንደ ፍየል ዘለሉ፤ እኔ እንደ ኤሊ ቀረሁ።”

“ይረፉ፤ ሻይ ላፍላ።”

“ግራውን ይያዙ፣ ቅርብ ነው” ማለት ይበቃ ነበር። አላለም። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ሆነ። የቀለሜን ኮት እጅጌ ገልብጦ አየና “ይህን የሰፋው ሰው ከእርስዎ ጋር ቂም ነበረው?” ሲለው ቀለሜ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ስለ ቀለም ተጫወቱ፣ ስለ ክር፣ ስለሚከዳ ጉልበት። ሁለተኛው ሻይ ተቀዳ። ሰውየው “እንግዲህ ልነሣ” ባለ ቁጥር ቀለሜ “ምን ያስቸኩላል፤ ስንት ዘመን የቆመ ምሽግ ዛሬ የት ይሄዳል” ይለዋል። የቤቱ ጥላ ከደጃፉ አልፎ አጥሩ ጋ ሲደርስ እንግዳው በጨዋታው መሐል ከዘራውን አነሣ።

“ሴትዮዬ ትጨነቃለች፤” አለ። “ስልኬን ከኮቴ ጋር ለእሷ ነው የሰጠኋት።”

አብረው ወጡ። በየመታጠፊያው እየቆሙ፣ ቀለሜ ክንዱን እየደገፈው። ምሽጉ ሥር ሲደርሱ ድምፅ ሰሙ፤ ሲጣራ ውሎ የጎረነነ የሴት ድምፅ። “የት ነህ?” ይልና ዝም ይላል። ደግሞ “የት ነህ?” ይላል።

ሌሎቹ ሰውየውን ሊፈልጉ ወደ ፏፏቴው ወርደዋል። እሷ “ቢመጣ እንዳያጣኝ” ብላ ብቻዋን ቀርታለች። የፈረሰው ግንብ ላይ ተቀምጣ የባሏን ኮት ጭኗ ላይ ታጥፈዋለች፤ ትዘረጋዋለች፤ መልሳ ታጥፈዋለች።

“መጣሁ እኮ፤” አለ ባሏ። “መንገድ ስቼ ነው፤ እኚህ ሰው ባይኖሩ…”

አልተቆጣችውም። “ውሃው በልቶታል ብዬ ነበር፤” አለች። “ብጮህ ብጮህ የሚሰማኝ ግንቡ ብቻ ሆነ።” ከዚያ ተነሥታ የቀለሜን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። እርስዎ ባይደርሱለት ምን ይውጠኝ ነበር?”

እጇ በረዶ ነው። የሰው እጅ ሲይዘው ስንት ጊዜው፤ አሁን ግን ቶሎ እንድትለቀው ፈለገ። “እስካሁን የት ነበራችሁ?” ብላ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

“መንታው ላይ ምልክት የለም፤” አለ። “መቀባት የነበረብኝ እኔ ነኝ።”

“ታዲያ ሰው አይደሉ? ይረሳል።”

“አልረሳሁትም።”

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየው። በቀጭን መርፌ ክር ሲያሾልክ የኖረ ዓይን ነው፤ ያንን ሁለተኛ ሻይና “ምን ያስቸኩላል”ን አንድ ላይ ሲያገጣጥማቸው ፊቱ ላይ ታየ። ሚስቱን አያት።

“ሻዩ እንኳን ጥሩ ነበር፤” አለ። ኮቱን ለበሰ። እሱ እሷን ይደግፍ፣ እሷ እሱን ትደግፍ ሳይለይ ተያይዘው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

ቀለሜ ቤቱ አልገባም። ጣሳዎቹንና ብሩሹን ከደጃፉ አንሥቶ በቀጥታ መንታው ጋ ወረደ። ድንጋዩን ፋቀ፤ ሲፍቅ ክንዱ ዛለ። ነጩን ቀባ፣ እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ቀዩን ሲደርብ ቀስቱን ወደ ግራ አዞረው። ከዚያ ወደ ታችኛው ምልክት ወርዶ ዞሮ አየ። ጥርት ብሎ ይታያል። ሰክሮ የሚያልፍ ሰው እንኳ አይስተውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሩን ደጃፉ ላይ አውጥቶ ተቀመጠ። የሚፋቅ ድንጋይ፣ የሚጠገን አጥር ሞልቷል፤ ግን ተቀመጠ። ረፋዱ ላይ ከታች አንድ ዜማ መጣ፤ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ለራሷ እያንጎራጎረች ነው። መንታው ጋ ስትደርስ ዜማው ተቋረጠ። ቀለሜ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ።

“በግራ፤” አለች ሴትዮዋ ለራሷ።

ዜማው ካቆመበት ቀጠለ፤ ሽቅብ እየራቀ ሄደ።

“አዎ፤” አለ ቀለሜ ከወንበሩ ሳይነሣ። “በግራ ነው።”