ቀኑ ሳይደርስ የመጣው ግልገል

እትዬ ሐጂራ እምቢ ማለት አይችሉበትም ነበር። ሌላው ጠባያቸው ሁሉ ምስጋና ነው፤ ይቺ ግን ሁላችንንም ያባለገች ጉድለት ነበረች። ወንፊት ብትጠይቋቸው ከነዱቄቱ ይሰጣሉ። እኛም የሸዋ ሮቢት ሰዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሲሰጡን መቀበል አናፍርም።

በ1972 ዓ.ም. ማሽላው እጅግ አምሮ ስለነበር አይጡም አብሮ በዛ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ አብዮቱ ጠላቶች ሲወራ እኛ የምናስበው ስለ አይጥ ነበር። በሰፈራችን ደህና አዳኝ የእትዬ ሐጂራ ድመት ውሮ ብቻ ናት። እሳቸው ደግሞ ድመት አይሸጥም ባይ ናቸውና በውሰት ይሰጧት ነበር፤ ዛሬ እኛ ቤት፣ ነገ እነ ብዙነሽ ቤት ስትዞር ትከርማለች። ስታረግዝም አላሳረፍናት። እንዲያውም ከምትወልደው አንድ አንድ ግልገል እንዲሰጡን አስቀድመን ቃል አስገባናቸው፤ ስግብግብነታችንን አያችሁልኝ!

ከሁላችን የባሰበት ጎረቤታችን ሳልህ ነበር። ጨቅላ ልጁን አይጥ ጣቷን ነከሰቻት። ሚስቱ ፋዲላ፣ ገና አራስ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ቁጭ እንዳለች ይነጋል። ሰውዬው ጨነቀውና ከገበያ መርዝ ገዝቶ በየጥጉ ነሰነሰ። በዚያው ቀን ደግሞ ውሮን ተዋሰ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ውሮ መርዙን የቀመሰች አይጥ ያዘችና በላች።

በማግስቱ አረፋ እየደፈቀች ከእትዬ ሐጂራ እግር ሥር ወደቀች። ወተት በግድ ጋቷት። ነፍሷ ተረፈ፤ ሆዷ ግን አልጠበቀም። ቀናቸው ያልደረሰ አራት ግልገሎች ወለደች፤ ጠጉር የላቸው፣ ድምፅ የላቸው። ውሮ አሸተተቻቸውና ትታቸው ሄደች።

«ይጣሉ እንጂ እትዬ፤ እነዚህ ምን ነፍስ አላቸው?» አለች ብዙነሽ።

«እኔስ በሰባት ወሬ አይደል የተወለድኩት?» አሉ እትዬ ሐጂራ። «እናቴ በጥጥ ጠቅልላ ባታቆየኝ ኖሮ ዛሬ ወንፊት ከማን ትዋሺ ነበር?»

ይህን ነገራቸውን እኔም የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለሰው ይተርፋል፤ ለነዚያ ግን አልበቃም። እትዬ ሐጂራ ለፈትል ያዘጋጁትን ባዘቶ ፀሐይ እያሞቁ በተከፈለ ቅል ውስጥ ጎዘጎዙና ግልገሎቹን አስተኟቸው። ክር በፍየል ወተት እየነከሩ ያጠቧቸዋል። ሲመሽ ቅሉ ከጉያቸው አይለይም። ሴቶቹ «እትዬ ሐጂራ አራስ ሆኑ!» እያሉ ሳቁባቸው፤ አንዷማ ገንፎ ይዛ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መርቀው በሉላት። ሦስቱ ተራ በተራ ሞቱ፤ ለሦስቱም አለቀሱ። አራተኛው፣ ከሁሉም የሚያንሰው፣ ክሩን ሳብ አደረገ። ዓይኑን የገለጠ ዕለት እልል ሲሉ ሰፈሩ ምን መጣ ብሎ ወጣ። እኝህን ሴትዮ ያን ዕለት እንደወደድኳቸው ማንንም ወድጄ አላውቅም።

ሳልህ ደንግጦ መርዙን ጠርጎ ቀብሮት ስለነበር አይጡ ተመልሷል። ፋዲላም ቁጭ ብላ ማንጋቷን አልተወችም። ሰውዬው ግን ከእፍረቱ የተነሳ በእትዬ ሐጂራ ደጅ ማለፉን እርግፍ አድርጎ ትቷል።

ግልገሉ አድጎ አይጥ ማባረር ሲጀምር ቃል የተገባልን ሁሉ ጆሯችንን አቆምን። እትዬ ሐጂራ አንድ ጁምዓ በነጠላቸው ይዘውት ወጡ፤ የማናችንንም ደጅ ሳያዩ በቀጥታ ሳልህ ቤት ገቡ።

«ወላሂ አልቀበልም! እናቱን ልገድል የነበርኩ ሰው ነኝ» አለ ሳልህ።

«ልጅህን ላድን ብለህ ነው። የተነከሰችው ያንተ ልጅ አይደለችም እንዴ? በል ቢስሚላህ ብለህ ተቀበል!»

ግልገሉን ከሕፃኗ መደብ አጠገብ አኖሩት። ከዚያ ወዲህ ፋዲላ ጋደም ብላ መተኛት ጀመረች።

ያ ከክር ወተት የጠባ ግልገል ጠብደል ድመት ወጣው። እኛም አመላችን አይለቀንምና ልንዋሰው እንሄዳለን። እምቢ ማለትን እትዬ ሐጂራ እስኪሞቱ አልተማሩም፤ ሳልህ ግን በእሳቸው ፈንታ ተማረ። በሩ ላይ ተገትሮ፣ «እርጉዝ ናት፤ አላውስም!» ይለናል።

ወንድ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን የተከራከረው ሰው የለም።